«አጋጣሚ» ስለ ተባለው ጀርም፦ ስለ ማይኮባክቴሪየም ፎርቹይተም ጠባይና ስለ አያያዛችን የቀረበ ሒስ

በአገራችን ስለ ነቀርሳ በሽታ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ይህም የሚገባ ነው፤ ኢትዮጵያ የነቀርሳ ሸክም ከከበደባቸው 30 አገሮች መካከል አንዷ ሆና በዓለም የጤና ድርጅት ተቆጥራለችና። ነገር ግን በአንድ ቤት ታላቁ ወንድም በሌብነት ስሙ የወጣ እንደ ሆነ ታናናሾቹ ያጠፉት ሁሉ በእርሱ ላይ እንደሚላከክ፣ የነቀርሳ ጀርም ዘመዶች የሚያደርሱትም ጉዳት በነቀርሳ ስም እየተጻፈ ሲያልፍ እናያለን።

በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ ዘመዶች ስለ አንዱ፣ ስለ ማይኮባክቴሪየም ፎርቹይተም፣ ልንናገር አስበናል። አሳባችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ የዚህን ፈጥኖ የሚያድግ ጀርም ጠባይ በአጭሩ መግለጽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኛ ተማሪዎች፣ መምህራኖቻችን፣ በላቦራቶሪ የሚሠሩና መርፌ የሚወጉ ሰዎች ሁሉ ይህን ጀርም የምንመለከትበትን፣ ወይም የማንመለከትበትን፣ መንገድ መንቀፍ ነው። ነቀፌታውንም ከራሳችን እንጀምራለን። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

የጽሑፉ ምክንያት

ለዚህ ጥናት መነሻ የሆነን የአክስታችን ሕመም ነው። አክስታችን በሐዲያ ገጠር እንሰት ሲፍቁ፣ ቆጮ ሲቀብሩና ሲያወጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወገባቸውን ቢያማቸው በገበያ ቀን ወደ አንድ ከተማ ወጥተው መርፌ ተወጉ። ወጊው ማን እንደ ነበረ፣ ቤቱም የት እንደ ነበረ መጥቀስ አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው ቤት አንድ ብቻ አይደለምና። የወገባቸው ሕመም ቀለል አላቸው። ዳሩ ግን አምስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የተወጉበት ቦታ ጠጠረ፣ ቀላ፣ ከዚያም መግል ቋጠረ። በምላጭ ተከፈተላቸው፤ ኪኒንም ተሰጣቸው፤ ነገር ግን አንዱ ሲደርቅ ከአጠገቡ ሌላ ይፈነዳ ጀመር። በመጨረሻ ከመግሉ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ «ቀይ በትሮች ተገኙ» ተባለና የነቀርሳ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያቋርጡ ዋጡ። ጎረቤቶቻቸውም የቡናውን ሲኒ ለብቻ አደረጉባቸው።

ቁስሉ ግን አልዳነም። የዳነው በኋላ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ተወስደው አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የተበላሸውን ሥጋ ከሥሩ ቆርጦ ካጠበውና ሌላ ዓይነት መድኃኒት ለብዙ ወራት ካዘዘላቸው ወዲህ ነው። ከመግሉ ወስዶ ጀርሙን ለማብቀል የሞከረ ሰው ስላልነበረ የበሽታቸው ስም እስከ ዛሬ አይታወቅም። በዕረፍት ወራት ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ፣ «ልጆቼ፣ እናንተስ ተምራችኋል፤ እኔን የበላኝ በሽታው ነው ወይስ መርፌው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ያን ጊዜ የምንመልሰው አልነበረንም።

የእርሳቸው ሕመም ፎርቹይተም ነበር አንልም፤ ይህን ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለንምና። የምንለው፣ ታሪኩ በመጻሕፍት ከተጻፈው የዚህ ጀርም ታሪክ ጋር ነጥብ በነጥብ ይመሳሰላል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ሌላ ነገር ይሆንን?» ብሎ የጠየቀ አልተገኘም ነው።

ስሙና ታሪኩ

ሮበርት ኮክ የነቀርሳን ጀርም ማግኘቱን በመጋቢት ወር 1882 በበርሊን ካስታወቀ በኋላ፣ በዚያው ዓመትና በተከታዩ በ1883 ዚልና ኔልሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሚሠራበትን የቀለም ዘዴ አስተካከሉ። ዘዴው ጀርሙን በቀይ ቀለም ነክሮ በአሲድ ማጠብ ነው። የማይኮባክቴሪያ ግድግዳ ማይኮሊክ አሲድ በሚባል ሰም መሰል ነገር የተሠራ ስለ ሆነ ቀለሙን አይለቅም፤ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ግን ይለቃሉ።

ዳሩ ግን ቀለሙን የማይለቅ ሁሉ ነቀርሳ እንዳልሆነ ለመገንዘብ ብዙ ዓመት አልፈጀም። በ1903 ፍሪድማን የተባለ ሐኪም በበርሊን በሞቱ የባሕር ኤሊዎች ሳምባ ውስጥ ተመሳሳይ ጀርም አገኘ፤ ዛሬ ማይኮባክቴሪየም ኬሎኔ የሚባለው ይህ ነው። በ1905 ኩስተር ከእንቁራሪቶች ሌላ አገኘ። በ1938 ደግሞ ዳ ኮስታ ክሩዝ የተባለ የብራዚል ሊቅ መርፌ ከተወጋ ሰው እብጠት ውስጥ ያወጣውን ጀርም «ማይኮባክቴሪየም ፎርቹይተም» ብሎ ሰየመው። የኩስተር የእንቁራሪት ጀርምና የዳ ኮስታ ክሩዝ ጀርም አንድ መሆናቸው የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ በሐኪሞች ዘንድ የተለመደው የኋለኛው ስም እንዲጸና ተደረገ። በ1953 ሙርና ፍሬሪክስ ከአንዲት ሴት የጉልበት ሕመምና የመቀመጫ እብጠት ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስን ለይተው ጻፉ።

ፎርቹይተም በላቲን «በአጋጣሚ የሆነ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ነቀፌታችንም በዚሁ ስም ላይ ነው። ጀርሙ ከአንድ ሰው ገላ ውስጥ መገኘቱ ለሊቁ አጋጣሚ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሰውየው መርፌ ባይወጋ ኖሮ፣ መርፌውም ንጹሕ ቢሆን ኖሮ፣ ጀርሙ ቆዳን ዘልቆ ወደ ሥጋ የሚገባበት በር አያገኝም ነበር። ስለዚህ ስሙ ጥፋቱን ከሰው እጅ ወስዶ ለዕድል ያሸክመዋል። በአማርኛ ስንጽፍ «የአጋጣሚ ጀርም» ብለን የተረጎምነው እንደ ሆነ ይህንኑ ስሕተት ለሕዝባችን ማስተማር ይሆንብናል።

የቡድኑም ስም ከነቀፌታ አያመልጥም። ከነቀርሳና ከሥጋ ደዌ ጀርሞች በቀር ሌሎቹ ማይኮባክቴሪያዎች በአንድነት «ያልተለመዱ» ሲባሉ ኖረዋል። ለማን ነው ያልተለመዱት? ፎርቹይተም በአፈር፣ በወንዝ፣ በጉድጓድና በቧንቧ ውሃ የሚኖር ጀርም ነው። አፈርንና ውሃን ትቶ ኑሮውን በሰው ሳምባ ያደረገው ነቀርሳ ነው፤ ከዘመዶቹ ሁሉ ያልተለመደው እርሱ ነው ቢባል ይቀርባል። በ2018 ደግሞ አንዳንድ ሊቃውንት የዘር ሐረጋቸውን መርምረው ወገኑን በአምስት ከፈሉትና ፎርቹይተምን «ማይኮሊሲባክቴሪየም» አሉት። ብዙ ሐኪሞች ይህ አዲስ ስም በበሽተኛው አልጋ ዘንድ ግራ መጋባትን እንጂ ጥቅምን አያመጣም ብለው ተቃውመዋል፤ በዚህ ረገድ እኛም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነን።

ጠባዩ

አሜሪካዊው ኧርነስት ራንየን በ1959 እነዚህን ጀርሞች በአራት ክፍል መድቧቸዋል። ሦስቱ ክፍሎች ዘግይተው የሚያድጉ ሲሆኑ በቀለማቸው ይለያያሉ፤ አራተኛው ክፍል ፈጥነው የሚያድጉት ናቸው። ፈጣን ሲባል ከተራ ባክቴሪያ ይፈጥናሉ ማለት አይደለም። የነቀርሳ ጀርም በሰው ዓይን የሚታይ ኮሎኒ ለመሥራት ከ3 እስከ 8 ሳምንት ሲፈልግ፣ ፎርቹይተም ከ7 ቀን ባነሰ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይታያል። ተራው የመግል ባክቴሪያ ግን በአንድ ሌሊት ይበቅላል። እንግዲህ ፎርቹይተም በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። የሚያመልጠንም በዚሁ ምክንያት እንደ ሆነ ዝቅ ብለን እናሳያለን።

ኮሎኒዎቹ ነጣ ያሉ ወይም የወተት ቅባት የሚመስሉ ናቸው፤ ደማቅ ቀለም አያወጡም። በ30 ዲግሪም በ37 ዲግሪም ያድጋል። ዘመዱ ኬሎኔ ግን ከ30 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ያለ ሙቀት ስለማይስማማው ቀዝቀዝ ያለውን የእጅና የእግር ቆዳ ይመርጣል። በላቦራቶሪ ሁለቱን ለመለየት ፎርቹይተም ናይትሬትን ይለውጣል፣ ብረትንም ከምግቡ ይወስዳል፤ ኬሎኔ ሁለቱንም አያደርግም። ሁለቱም አሪልሰልፋቴዝ የተባለውን ኤንዛይም በ3 ቀን ውስጥ ያሳያሉ፤ የነቀርሳ ጀርም ይህን አያደርግም። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፎርቹይተም እንደ ነቀርሳ የእንቁላል ምግብ ካልቀረበልኝ የሚል አለመሆኑ ነው። ለማናቸውም ቁስል ምርመራ በሚሠራበት በደም አጋር ላይ ይበቅላል።

ስለሚያመጣው በሽታ ብንናገር፣ አብዛኛው የቆዳ፣ የሥጋና የአጥንት ቁስል ነው። መርፌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ አደጋ ወይም ወደ ሰውነት የገባ ባዕድ ነገር በር ይከፍትለታል። ጀርሙ ከገባ በኋላ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ዝም ብሎ ይቆያል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው እብጠቱንና መርፌውን አያገናኛቸውም። ሳምባንም አልፎ አልፎ ይይዛል፤ ይልቁንም የጉሮሮ ቱቦ ችግር ኖሮባቸው ምግብ ወደ ሳምባቸው የሚያመልጣቸውን ሰዎች ያጠቃል። ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። የአክስታችን ሕመም ይህ ኖሮ ቢሆን፣ ሲኒያቸውን ለብቻ ማድረግ በከንቱ ነበር።

መድኃኒቱም ከነቀርሳ መድኃኒት የተለየ ነው። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ፎርቹይተምን አይገድሉትም። የሚያሸንፉት አሚካሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና የእርሱ ወገኖች፣ የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ኢሚፔነምና የመሳሰሉት ናቸው፤ ዶክሲሳይክሊን አንዳንዱን ይይዛል፣ አንዳንዱን አይዝም። ክላሪትሮማይሲን የሚያድን መስሎ ጀምሮ ሊከዳ ይችላል፤ ጀርሙ መድኃኒቱን ሲያይ የሚቀሰቀስ የመከላከያ ጂን አለውና። ለከባድ የቆዳና የሥጋ ቁስል ቢያንስ ሁለት መድኃኒት ለ4 ወር፣ ለአጥንት ደግሞ ለ6 ወር እንዲሰጥ የአሜሪካ የደረት በሽታዎች ማኅበር በ2007 ባወጣው መመሪያ አሳስቧል። መግሉን ማውጣትና የሞተውን ሥጋ መቁረጥም ከሕክምናው ዋና ክፍል ነው።

ስለ ላቦራቶሪ ልማድ

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ሦስት ስሕተቶች በቀላሉ ሊታዩት ይችላሉ።

አንደኛው ስሕተት ቀይ በትር ሁሉ ነቀርሳ ነው ማለት ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሳይንስ መምህራችን በአንዲት አሮጌ ማይክሮስኮፕ የቀለም ስላይድ ሲያሳዩን «ቀይ ካያችሁ ነቀርሳ ነው» ብለን በደብተራችን ጽፈን ነበር። ኮሌጅ ከገባን በኋላ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይዘን ቆየን፤ ማንም አላረመንም፣ እኛም አልጠየቅንም። የምንማርባቸው መጻሕፍት ለነቀርሳ ምዕራፍ ሲሰጡ ለፎርቹይተምና ለዘመዶቹ አንድ አንቀጽ ሰጥተው ያልፋሉ። በፈተና ስለማይመጣ እኛም አንቀጹን እንዘላለን። ይህ በራሳችን ላይ የምናቀርበው ክስ ነው።

ሁለተኛው የፊተኛው ግልባጭ ነው። ፈጥነው የሚያድጉት ማይኮባክቴሪያዎች በአሲድ ሲታጠቡ ቀለማቸውን በከፊል የሚለቁበት ጊዜ አለ። በፍሎረሰንት ቀለም ደግሞ ከነቀርሳ ይልቅ ደብዝዘው ይታያሉ፤ አንዳንዴም ፈጽመው አይታዩም። በግራም ቀለም የታዩ እንደ ሆነ ዶቃ የተሰካበት ክር የሚመስሉ በትሮች ሆነው ስለሚገኙ በቆዳ ላይ የሚኖር ምንም የማይጎዳ ባክቴሪያ ነው ተብለው ይታለፋሉ። እንግዲህ አንዱ ጀርም ሲታይ ነቀርሳ ይባላል፤ ሳይታይ ሲቀር የለም ይባላል። በሁለቱም መንገድ የራሱን ስም አያገኝም።

ሦስተኛው ስሕተት የጊዜ ነው። የቁስል መግል በሳሕን ላይ ተዘርቶ በ48 ሰዓት ውስጥ ምንም ካልበቀለ «ባክቴሪያ የለም» ተብሎ ሳሕኑ ይጣላል። ፎርቹይተም ግን የሚታየው በሦስተኛው፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ነው። በሌላ በኩል መግሉ ወደ ነቀርሳ ላቦራቶሪ የተላከ እንደ ሆነ፣ እዚያ ሌላውን ባክቴሪያ ለመግደል የሚጨመረው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፎርቹይተምንም አብሮ ሊገድለው ይችላል። ተርፎ በአምስተኛው ቀን ቢበቅል ደግሞ ነቀርሳ እንዲህ አይፈጥንምና «ተበክሏል» ተብሎ ይጣላል። ለአንዱ ቤት ዘገየ፤ ለሌላው ቤት ፈጠነ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 የደገፈውና ዛሬ በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ታላቅ ርዳታ አምጥቷል። ነገር ግን መሣሪያው የሚፈልገው የነቀርሳን ወገን ጂን ብቻ ነው፤ ፎርቹይተምን አይቶ «ነቀርሳ የለም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። በዚህ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ቀይ በትር ታይቶ በመሣሪያው ነቀርሳ ካልተገኘ፣ ሁለቱ ምርመራዎች ተጣልተዋል ብሎ አንዱን ከመጣል ይልቅ ሁለቱም እውነት ተናግረው ይሆናል ብሎ ማሰብ ይገባል። ይህ ጠብ ራሱ ምልክት ነው።

ስለ መርፌና ስለ ውሃ

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገናና በሺንሺቾ ያደገ ሰው ሁሉ ሕዝባችን ለመርፌ ያለውን ፍቅር ያውቃል። ኪኒን ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው «ሳይወጉኝ ሸኙኝ» ይላል። የሚያሳምመው መድኃኒት የሚያድን ነው የሚል እምነት አለ። ይህን እምነት ለማሟላት የሚነሣ ሰውም አይታጣም፤ ከአንድ ጠርሙስ ለብዙ ሰው ይቀዳል፣ ዱቄቱም ሁልጊዜ በተገቢው ውሃ አይበጠበጥም።

ፎርቹይተምና ዘመዶቹ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው። እነዚህ ጀርሞች በቧንቧ ውስጥ እንደ ልሙጥ አተላ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ የአንጀት ባክቴሪያን የሚገድለው የክሎሪን መጠን እነርሱን አይገድላቸውም። ስለዚህ ለመጠጥ የማይጎዳ ንጹሕ ውሃ ለመርፌና ለቁስል ንጹሕ አይደለም። ይህን ልዩነት ለሕዝብ ቀርቶ ለእኛም ያስረዳን ሰው ጥቂት ነው።

ይህ የድሆች አገር ነገር ብቻ እንዳይመስለን ከውጭ ዓለም ጥቂት ምሳሌ እንጥቀስ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኮሎምቢያ በባራንኪላ ከተማ የማደንዘዣ መርፌ ከተወጉ ሰዎች መካከል ከ300 የሚበልጡት በማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ እብጠት ታመሙ። በ2000 በካሊፎርኒያ በአንድ የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ከ100 በላይ ደንበኞች እግራቸው በፎርቹይተም ቆሰለ፤ ሲመረመር የእግር መታጠቢያው ገንዳ ማጣሪያ በፀጉርና በቆዳ ቅርፊት ተሞልቶ ተገኘ፤ እግራቸውን በምላጭ ላጭተው የመጡት ይበልጥ ተጎድተው ነበር። በብራዚልም ከ2004 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቆሰሉት፣ መሣሪያዎቹ ይነከሩበት የነበረውን ግሉታራልዴሃይድ የተባለ መድኃኒት የአብሴሰስ ወገን የሆነ ጀርም ስለ ቻለው ነው። በሦስቱም አገሮች ነገሩ የታወቀው የተጎዱት ብዙ ስለ ነበሩና አንድ ሰው «እነዚህ ሁሉ የት ተወጉ? የት ታጠቡ?» ብሎ ስለ ጠየቀ ነው። በእኛ ዘንድ በሽተኞቹ በየቀበሌው ተበትነው፣ አንዱ ጸበል፣ አንዱ ወጌሻ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ስለሚሄድ፣ ማንም ደምሮ አያያቸውም።

ሊነሣብን ስለሚችል ክርክር

ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ያነበቡ ጓደኞቻችን ሁለት ተቃውሞ አቀረቡልን፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «ነቀርሳ በሞላበት አገር ቀይ በትር ያየ ሐኪም የነቀርሳ መድኃኒት መጀመሩ ትክክል ነው፤ ፎርቹይተምን ሲፈልግ በሽተኛው በነቀርሳ ይሞትበታል።» ይህ ለአክታ እውነት ነው። በእኛ አገር በሚያስል፣ በከሳና በሚያልበው ሰው አክታ ውስጥ የሚታይ ቀይ በትር አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ ነው፤ ሕክምናውንም ማዘግየት አይገባም። እኛ የምንነቅፈው ይህ ሒሳብ ሳይለወጥ ከአክታ ወደ መርፌ ቁስል ሲዛወር ነው። የመርፌ ወይም የቀዶ ሕክምና ቁስል ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቢያንስ ሕክምናው በተጀመረ በሁለት ወር ምንም ለውጥ ሲጠፋ «ሌላ ይሆንን?» መባል አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ በተቃራኒው ነው፤ «ይህን ካስተማራችሁ ነገ ሁሉም ፎርቹይተም ይሆናል።» ይህም ፍርሃት መሠረት አለው። ፎርቹይተም በውሃ ስላለ በአፍም በአክታም ሳይጎዳ ሊገኝ ይችላል። አንድ ጊዜ ከአክታ በቀለ ተብሎ ሰው በሽተኛ አይባልም፤ ከላይ የጠቀስነው የ2007 መመሪያም ሕመሙና የደረት ፎቶው ተስማምተው ጀርሙ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ አክታዎች እንዲበቅል ይጠይቃል። ከጥልቅ ቁስል መግል የበቀለ ግን ክብደቱ ሌላ ነው። እንግዲህ የምንለምነው ጥርጣሬ እንዲበዛ ሳይሆን ጥርጣሬው በቦታው እንዲውል ነው።

ደግሞም ጀርሙ ባያሳምምም እንኳ ከጥናት ውጭ ሊሆን አይገባም። ከአፈርና ከውሃ የሚመጡ ማይኮባክቴሪያዎች ሰውነትን አስቀድመው ስለሚያለማምዱት የቱበርኩሊን ምርመራን ሊያሳስቱ ይችላሉ። በሰሜን ማላዊ በካሮንጋ የቢሲጂ ክትባት የሥጋ ደዌን ሲከላከል የሳምባ ነቀርሳን አለመከላከሉ በታወቀ ጊዜ፣ አንዳንድ ሊቃውንት ምክንያቱ ይኸው የአፈርና የውሃ ጀርም ይሆናል ብለው ጽፈዋል። በአገራችንም በቄራ ከታረዱ ከብቶች የነቀርሳ መሰል እብጠት ሲመረመር፣ ከእውነተኛው የከብት ነቀርሳ ጋር እነዚህ የአካባቢ ማይኮባክቴሪያዎች አብረው ሲበቅሉ በተመራማሪዎች ተገኝቷል። እንግዲህ ባዕድ ነገር አይደለም፤ በግቢያችን ያለ ነው።

ምን እናድርግ?

ነቅፎ መተው ቀላል ስለ ሆነ ጥቂት አሳብ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ካለፈ በኋላ የመጣ፣ በተራ መድኃኒት ያልዳነ የመግል ቁስል ሲዘራ የደም አጋሩ ሳሕን በ48 ሰዓት እንዳይጣል፤ እንዳይደርቅ ተጠቅልሎ 7 ቀን ይቆይ። በስድስተኛው ቀን ነጭ ኮሎኒ የታየበት ሳሕን በዚል ኔልሰን ቀለም ይታይ፤ ቀይ ከሆነ ጀርሙ ሳይጣል አዲስ አበባ ወዳሉት እንደ አርመወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ወዳሉ ላቦራቶሪዎች ይላክ። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሽተኛው ለስድስት ወር ያለ ጥቅም መድኃኒት ከሚውጥ አንድ ጠርሙስ ቢጓዝ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ በየጤና ጣቢያው የቁስል በሽተኛ ሲመዘገብ «ባለፉት 3 ወራት መርፌ ተወግተው ነበርን? የት?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ይህ አንድ መስመር ነው፤ ነገር ግን ተበታትነው የሚመጡትን በሽተኞች ደምሮ ሊያሳየን የሚችለው እርሱ ነው።

ሦስተኛው ስለ ሕዝብ ነው። የመርፌን ፍቅር በትእዛዝ ማጥፋት አይቻልም። ነገር ግን በዚያው በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን ያህል ሥር የሰደደ ልማድ እንኳ በ1997 በቦጋለች ገብሬ የተቋቋመው ከኤምጂ የተባለ ድርጅት ሕዝቡን በዛፍ ጥላ ሰብስቦ በማነጋገር እንዴት እንደ ቀነሰው አይተናል። መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም የሚለውም እምነት በሐዲይሳና በከምባትኛ በጸጥታ ቢነጋገሩበት ሊለዝብ ይችላል።

አራተኛው የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ከዚያ የጀመረው ጥናት ስሙን በዓለም አስጠራው። የመጀመሪያው እርምጃ ወንዝ ዳር ቆሞ የሚታየውን ማየት ነበር። በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፣ በየከተማውም የጤና ኮሌጆች አሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያልን በየዓመቱ ያንኑ መጠይቅ ከምናዞር፣ ከየከተማው የቧንቧ ውሃ ቀድተን በሳሕን ዘርተን 7 ቀን ብንጠብቅ ምን እንደሚበቅል እናይ ነበር። ይህን ጥናት በሚመጣው የትምህርት ዓመት ከዱራሜና ከሆሳዕና ውሃ ልንጀምር አስበናል፤ አብሮን ሊሠራ የሚፈቅድ ተማሪ፣ ሊያርመንም የሚወድ መምህር ቢኖር ደስ ይለናል።

የአክስታችን ጥያቄ እስካሁን በእጃችን ነው። ዛሬ የተጠየቅን ቢሆን ይህን ያህል ልንመልስላቸው እንችል ነበር፤ «እቴቴ፣ በሽታው ምን እንደ ነበረ አናውቅም፤ መግሉ ሳይዘራ ቀርቷልና። ነገር ግን በሽታው በመርፌው በር የገባ ይመስለናል፤ ሲኒዎን ለብቻ ያደረጉብዎትም ያለ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።» ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጣው በሽተኛ ግን «አናውቅም» ማለት ሊበቃን አይገባም።